ተራራው ማን ይባላል

ሰውየው ከዋና ከተማችን ከኑሜያ በቀጥታ መጣሁ ሲል አላመንኩትም። ጫማው ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው ቀይ ጭቃ ነበር። እኛ ዘንድ ሳይደርስ ጎረቤቶቻችን ጋ በልቶ ጠጥቶ መጥቷል!

«ዱዊ እባላለሁ፤ ካርታ ላይ የቦታ ስም ነው የምጽፈው» አለ። እሱም እንደኛው ካናክ፣ የደሴቲቱ ተወላጅ ነው። ካናክ ሁሉ ይታመናል ያለው ግን ማነው?

እንደ ወጉ ጨርቅና ትምባሆ ደጅ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ አኖረና ቆሞ ለአጎቴ ለፖይንዲ ተናገረ።

«አባቴ፣ ያንን ተራራ ፈረንሳዮች በመኮንናቸው ስም ጠርተውታል። እሱ ይፋቃል። ማዶዎቹ ‹ኔሙ ነው› ይላሉ። ካልተቃወማችሁ ኔሙ ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ ስም ካላችሁ ንገሩኝ።»

ደሜ ፈላ። ፈረንሳዮች እስኪያባርሯቸው ድረስ አያቶቻችን የኖሩት እዚያ ነው። መንግሥት መሬት ሲመልስ ደግሞ ስሙ የማን እንደሆነ ያያል። ትክክለኛውን ስም የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነው፤ ለኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም።

«አጎቴ፣ ጨርቁን እንዳትነካው!» ብዬ ሹክ አልኩት። እኛ ዘንድ ጨርቁን ያነሳ ቃሉን ተቀበለ ማለት ነው፤ የሚቃወም ሳይነሳ ይናገራል። «ስሙንም እንዳትነግረው። ሄዶ ለነሱ ነው የሚሰጣቸው።»

«አንቺ ደግሞ ጥላሽንም አታምኚም። ዝም በይ፣ ላስብበት።»

ዱዊ ሰምቶ ሳቀ። «አክስቴ፣ ሌባ እመስላለሁ እንዴ?»

«ሌባ መቼ ሌባ መስሎ ይመጣል?»

ዓይኔን ከሰውየው አልነቀልኩም። አጎቴ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። የታጠበ ልብስ ከገመድ እንደማወርድ ሁሉ ብድግ አልኩና ጨርቁን አፈፍ አድርጌ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

የቤቱ የበኩር ልጅ ነኝ፤ የኔ እጅ የቤቱ እጅ ነው።

«አመሰግናለሁ፣ አክስቴ» አለ ዱዊ ቀስ ብሎ። ደስ ያለውም አልመሰለኝም።

«ኧረ እንዳይረጥብ ብዬ ነው! ኧረ ጉዴ ፈላ!»

«ተነስቷል» አለ አጎቴ። «እኛው ወጋችንን ካፈረስን ማን ያምነናል?»

ዱዊ ኔሙ ብሎ ጽፎ ከሄደ በኋላ አጎቴ አጠገቡ አስቀመጠኝና የተራራውን ስም ነገረኝ። እያለቀስኩ ደጋግሜ ጠራሁት።