ከሰማይ የወረደ በር

ፀጉር ቆራጩ እጁን አናቱ ላይ ጭኖበት የማይቆም ጭንቅላት በሰፈሩ አልነበረም። ዳኛ ይሁን ጎረምሳ፣ እያለቀሰ የመጣ ሕፃንም ይሁን፣ ያ ወፍራም መዳፍ ካረፈበት ቀጥ ነው። እንቢ ያለው አንድ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ የገዛ ልጁ ጭንቅላት። ታላቂቱ ልጁ በልጅነቷ መቀስ ስታይ ጣሪያ ላይ ትወጣ ነበር። እንደወጣችም ቀረች፤ አድጋ የክሬን ኦፕሬተር ሆነች። ፎቅ በሚሠራበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ፣ የመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ ብረት ስታነሳ ትውላለች።

የምታገባው ደግሞ ከታች ቆሞ በእጁ ምልክት የሚሰጣትን ሰውዬ ነው። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሲያሽከረክር ታነሳለች፤ ወደ ታች ቀስሮ ሲያሽከረክር ታወርዳለች። ጠዋት ጠዋት መንጠቆውን ዝቅ ከፍ አድርጋ እንደምን አደርክ ትለዋለች፣ እሱም የራስ ቁሩን ያነሳላታል። ቃል ሳይለዋወጡ እንዲሁ እንደተያዩ ተዋደዱ። ቁንጫ ይህን መጀመሪያ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው።

ቁንጫ ታናሽ እህት ናት። ትንሽ ናት፣ ትናከሳለች፣ አትያዝም ብሎ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው።

ጠቡ የመጣው በሠርጉ ነው። ሁለቱ፣ የምንጋባው እንደተዋደድነው ነው፣ እዚያው ሥራ ቦታችን፣ እሷ ላይ እሱ ታች ሆነን አሉ። አባት ይህን ሲሰማ ግማሽ ጺሙ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ተነሳ። ልጄ እንደ ሰው ልጅ ክንዴን ይዛ አዳራሽ ካልገባች በእኔ በር አትወጣም፣ በሬን ዘግቼ ነው የምቀመጠው አለ።

ሙሽሪት ምን ብትል ጥሩ ነው? "እንግዲያው የራሴን በር አመጣለኋ።"

ለአፏ ብቻ አይደለም፣ እውነትም አመጣች። ሙሽራው ጣውላ አገጣጥሞ ከነመቃኑ አንድ በር ሠራና ሰማያዊ ቀባው። በሩ በክሬን ከላይ ይወርዳል፣ ግቢው መሃል ይቆማል፤ ከዚያ እሷ በመሰላል ወርዳ አብረው ያልፉበታል። አባት ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟን አላነሳም። ቁንጫን የጨነቃት ይኸው ነው። እህቷ በዚያ በር ካለፈች በኋላ በአባቷ በር ተመልሳ ትገባ ይሆን?

በሠርጉ ዋዜማ ፀጉር ቤቱን እየጠረገች ሆን ብላ ነገር ለኮሰች። ክሬን የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው አለችው፣ ለምልክት ሰጪው። "ቁም" ለማለት ግን ማንም ይችላል። ዘበኛውም ቢሆን ሻይ አቅራቢዋም ብትሆን፣ ሁለት እጇን ከዘረጋች ያ ሁሉ ብረት ይቆማል። ያስቆመው ሰው ራሱ ካልፈታው ደግሞ ማንም አይፈታውም፤ ሕጉ ነው።

"አንተም ብትሆን ትቆምልሃለች" አለችው።

አባት ምላጩን እየሳለ ደረቅ ሳቅ ሳቀ። "ያቺ? እሷ ለእኔ ከቆመች ጺሜን በጥርሴ እላጫለሁ።"

እሁድ ደረሰ። አለቃው ግቢውን የፈቀደው ሁሉም የራስ ቁር እስካደረገ ድረስ ነበርና እንግዳው በሙሉ እንደ እንጉዳይ ተደርድሯል። አክስት፣ ይህን ፀጉር ስሠራ የዋልኩት በድስት ልከድነው ነው እያለች ታጉረመርማለች። ሠራተኞቹ ቧንቧ በቧንቧ እየመቱ ያስጨፍራሉ። ሙሽራው አንጸባራቂ ሰደርያውን ተኩሶ ለብሷል። ከላይ ደግሞ ከመስታወቱ ጎጆ መስኮት የሙሽሪት ነጭ ሻሽ ይውለበለባል፤ መንገድ የሳተች ደመና ትመስላለች። የአባት ወንበር ባዶ ነው። ቁንጫ ዓይኗ ከግቢው መግቢያ አልተነቀለም።

ሙሽራው ጣቱን አሽከረከረ። በሩ ከፎቁ ጀርባ ብቅ አለ።

ቧንቧው ሁሉ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? ቤት የሌለው፣ ግድግዳ የሌለው በር፣ ብቻውን ሰማይ ላይ ቆሟል። ቀስ ብሎ ሲዞር እጀታው ፀሐይዋን ይዞ ብልጭ አለ። አንዲት ርግብ በመቃኑ ዙሪያ በርራ ሄደች። አክስት አፏን ከፍታ ቀረች፤ ፀጉሯንም ረሳችው። ዓይኗን ከመግቢያው የማትነቅለው ቁንጫ እንኳ የራስ ቁሯን በእጇ ደግፋ ቀና አለች።

ያን ጊዜ አባቷ ገባ። ነጭ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ማበጠሪያው ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው። ዘበኛው የራስ ቁር ሲደፋበትም አላወቀም። ግቢው መሃል ድረስ ሄደ፣ ቀና አለ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ።

በሩ ቆመ።

ትንሽ ተወዛወዘና እሱም ጸጥ አለ። ሙሽራው ጣቱን አጠፈ። እንግዳው ሁሉ ሠርጉ አበቃለት ብሎ አንገቱን ደፋ። ቁንጫ ወደ አባቷ የሮጠችው ከራሷ ጋር እየተጣላች ነው፤ ምላሴ ይቆረጥ፣ ምን አስነገረኝ እያለች።

አባቷ ግን የተቆጣ አይመስልም። ዓይኑን ከላይ ሳያነሳ፣ "ቆመች?" አላት በሹክሹክታ።

"ቆመች፣ አባዬ።"

"ለእኔ?"

"ለአንተ።"

ያን የሚያህል ብረት፣ ደመና የሚወጋው፣ በሁለት እጁ ተይዞ ነበር። ጫፉ ላይ ደግሞ ልጁ እጇን ከመዘውሩ አንስታ፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ታየዋለች። ትጠብቀዋለች። ያ ስንት ሺህ ጭንቅላት ያቆመ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ሙሽራው መጥቶ ከጎኑ ቆመ። "አባባ፣ አሁን የሚያዟት እርስዎ ነዎት" አለው። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች ቀስሮ፣ ማሽከርከሩን ቀስ አድርጎ አሳየው።

አባት እጆቹን ሰበሰበ። ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ፣ ምላጭ እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ አሽከረከረ። በሩም ወረደ። እሱ ሲዘገይ ይዘገያል፣ እሱ ሲያቆም ይቆማል። መሬት ሲነካ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሠራተኞቹ ገመዱን ሲፈቱለት መንጠቆው ለአባት ዝቅ ከፍ አለ።

ሙሽሪት መሰላሉን ወርዳ እፊቱ ቆመች። የራስ ቁሯን ስታወልቅ ፀጉሯ ጭፍልቅ ብሏል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ፀጉር ቆራጭ አይችልም። ማበጠሪያውን መዘዘ፣ መዳፉን አናቷ ላይ አሳረፈ። እሷም ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"አባዬ" አለች ቁንጫ፣ "ጺምህን በጥርስህ የምትላጨው መቼ ነው?"

"ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አላት፣ እንባው በአፍንጫው እየወረደ።

አበጥሮ ሲጨርስ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ። ከዚያም ሄዶ ሰማያዊውን በር በገዛ እጁ ከፈተላቸው።