ድምፁ የጠፋ ስም

«አውጪው ብዬሻለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁሽም።»

«እኔም ነግሬሃለሁ፤ እሱን ካወጣሁት ፊልም አይቀርም። የሽማግሌ ፊት፣ የካሹ ዛፍና የዶሮ ጩኸት ብቻ ነው የሚተርፈኝ።»

«እንግዲያው ዶሮዋን ይሸልሟት።»

ጁምዋ ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። ወንድሟ ምዋሪንጋ ሊያስቃት ብሎ እንዳልተናገረ ታውቃለች። በአረጋውያን መጠለያው በረንዳ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱ ላይ አሮጌ ፎጣ ጣል አድርጎ፣ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም እየተቀባ ነበር። ቀቢው የክፍል ጓደኛው ካሂንዲ ነው። በዚያ ግቢ ያሉት ወንዶች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይቀባባሉ። መተተኛ ተብለው ከየመንደራቸው የተባረሩ አረጋውያን ናቸው፤ ልጅ ሲሞት ወይ በቆሎ ሲደርቅ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ነጭ ፀጉር ላይ መሆኑን ያውቁታል።

«የሚታየው እኮ ሞምባሳ ነው» አለች ጁምዋ። «አዳራሽ ውስጥ፣ ኮት ለለበሰ ሰው። ካሪሳ የት አግኝቶ ያየዋል?»

«ካሪሳ ስልክ የለውም?»

ካሪሳ የሟች ታላቅ ወንድማቸው ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጁ በንዳድ የሞተበት ዓመት፣ መተቱ የምዋሪንጋ ነው ተባለና ቤቱ እሱ ተኝቶበት ሳለ ተቃጠለ። ሽማግሌው የኋላውን ግድግዳ ጥሶ ወጣ። እሳቱን የለኮሰው ማን እንደሆነ በነበልባሉ ብርሃን አይቷል። በኋላ ጁምዋ መጠለያው ድረስ መጥታ ስትጠይቀው ሁሉንም ነገራት፤ ስሙንም ጠራ። ያን ጊዜ ከማስተማር ጡረታ ወጥታ፣ ጡረተኞች ካሜራ በሚማሩበት ቦታ ትንሽ ሥልጠና ወስዳ ነበርና ካሜራዋን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነበር የሰማችው።

እርቁ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀመጧቸው። ካሪሳ «ቤቱን የበላው እሳት ነው» አለ። ምዋሪንጋም «የበላው እሳት ነው» አለ። ስም አልተጠራም፤ ከዚያ በኋላም እንዳይጠራ ቃሉ ተቀበረ። የኮኮናት ጠጅ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ የተረፈውን ከአንድ ቅል ተራ በተራ ጠጡት። ጁምዋም የቤቱ ልጅ ናትና አፏን ከቅሉ አኑራለች። ዝናቡ ሲያባራ ምዋሪንጋ ወደ ቦታው ሊመለስ፣ ካሪሳ ደግሞ ለአዲሱ ቤት ምሰሶ ሊቆርጥለት ተስማሙ።

«ቃሉን ከመቅበራችን በፊት የተናገርከው ነው» አለች ጁምዋ። «ጠጁን የጠጣነው በኋላ ነው። የተቀበረ ነገር አላወጣሁም።»

«አስተማሪነትሽ መቼ ነው የሚለቅሽ? ጠጁ ቀን እየለየ ነው እንዴ የሚያስረው?»

«እና እውነቱ ይቅር? መተተኛ እንደተባልክ ሙት?»

«እኔ እውነት አልጠፋኝም። የጠፋኝ ቤት ነው።» ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ዓይኑ ጥግ የደረሰውን ቀለም ጠረገ። «ካድዞ አጠገብ ልቀበር ነው የምፈልገው። ሽልማትሽ ይሄን ይሰጠኛል?»

ካድዞ የሞተችው ሚስቱ ናት፤ የተቃጠለው ቤት ጓሮ ማንጎው ሥር አርፋለች። ጁምዋ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ለሠሯቸው፣ ስለ አረጋውያንም ለተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች በሚሰጠው ሽልማት አንደኛ እንደወጣች ከሰማች ወዲህ፣ እንቅልፍ አጥታለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ከክፍል ክፍል ስታሳልፍ ኖራ አሁን ራሷ ፈተና አለፈች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ስሙን አጠፋዋለሁ።»

«ስሙን ብቻ?»

«ስሙ ከሌለ ማን ያውቃል?»

ካሂንዲ ብሩሹን አንስቶ «ዞር በል እስቲ፣ በእናንተ ጭቅጭቅ ጆሮህን ቀባሁት» አለው። ጁምዋ የወንድሟን ዝምታ እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

በማግስቱ ለሽልማቱ አዘጋጅ ደወለች። ሴትዮዋ ትሑት ናት። «ማማ ጁምዋ፣ ዳኞቹ የወደዱት እኮ ያንን ክፍል ነው» አለቻት። «እሱን ካወጡት ሌላ ፊልም ይሆናል፤ እንደገና መዳኘት አለበት። ስሙን ብቻ ማጥፋት ከሆነ ግን የእርስዎ ፈቃድ ነው።» ጁምዋ ቁጭ ብላ ስሙ ያለበትን ቦታ ፈለገችና ድምፁን አጠፋችው። ምስሉን አልነካችም። ወንድሟ ያንን ስም ሲጠራ የነበረውን ፊት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አይታው አታውቅም፤ እሱን መቁረጥ አልሆነላትም።

ሞምባሳ ሲደርሱ አዳራሹ በሽማግሌና በአሮጊት ተሞልቶ ነበር። አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ሣር የዋጠውን ጣቢያውን ቀርፆ ሦስተኛ ወጣ። አንዲት ሴት ስሟን የረሳ ባሏን ስታጥብ የሚያሳይ ፊልም ሠርታ ሁለተኛ ወጣች። ባልየው ራሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሸራው ላይ የሚታጠበውን ሰውዬ እያየ «ይሄ ምስኪን ማነው?» ይላት ነበር። እሷም «ጎረቤታችን ነው» ትለዋለች።

የጁምዋ ፊልም መጨረሻ ላይ መጣ። ምዋሪንጋ የተበደረውን ኮት ለብሶ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ራሱን ከነነጭ ፀጉሩ የበር ያህል ገዝፎ ሲያየው አገጩን ወደ ደረቱ ቀበረ። ሸራው ላይ ያለው ሰው ይናገራል፤ ስለ ጭሱ፣ በእጁ ስለፈረሰው ግድግዳ፣ ዞር ሲል ስላየው ሰው። «ማን ነበር?» ይላል የጁምዋ ድምፅ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። የወንበር ሲጥሲጥታ ቆመ፣ የሚያስለው ሰው ሳሉን ያዘ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የምዋሪንጋ ከንፈር ብቻ፣ በትልቁ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተና ተለጠጠ፣ እንደገና ተከፈተ። ከኋላ የእነሱው ጎሳ የሆነች አንዲት የጊሪያማ ሴት ለጓደኛዋ በሹክሹክታ «ካሪሳ ነው ያለው» አለቻት። «ከንፈሩን አላየሽም?» ፊት ያሉት ሁሉ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየቀረፁ ነበር።

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ጁምዋ መድረክ ወጥታ መስተዋት የመሰለውን ሽልማት ተቀበለች፤ ወንድሟንም አመሰገነች። ሕዝቡ እንዲነሣ ሲጠራው ምዋሪንጋ ተነሣ፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጭብጨባው እስኪያበቃ ቆመ።

መኪና ውስጥ ሲመለሱ «ጥሩ ሆነ አይደል?» አለችው።

«ድምፁን ስታጠፊው» አለ፣ «ሰው ሁሉ አፌን አየ።»



የሚቀጥለው እሑድ መጠለያው ደገሰ። ፍየል ታረደ፣ ፒላው የሚሉት ቅመም የበዛበት ሩዝ ተሠራ፤ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ካሜራቸውን ካሹው ሥር ተከሉ። ሰዉ እየበላ ሳለ የመንደሩ ሽማግሌ ፁማ በእግሩ ግቢው ገባ፤ እርቁን የመራው እሱ ነው። እንብላ ቢሉት አልበላም። ምዋሪንጋ አጠገብ ተቀምጦ በጨርቅ የጠቀለለውን ፈታ። የእርቁን ጠጅ የጠጡበት ቅል ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል።

«የመንደሩ ሰዎች እንድሰጥህ ላኩኝ» አለ። «እኔ አልሰበርኩትም።»

ጁምዋ ሳህኗን አስቀምጣ መጣች። «እኔ እሄዳለሁ። ካሪሳን እኔ አናግረዋለሁ።»

«አንቺ ብዙ ተናገርሽ፣ እህቴ» አለ ፁማ። ቁጣ አልነበረበትም። «የመንደሩ ልጆች ዛፍ ሥር ሆነው ፊልሙን ስልክ ላይ ያዩታል። ከንፈሩ ጋ ሲደርሱ ያቆሙታል፤ መልሰው ያስነሡታል። ትናንሾቹ እንደ ዘፈን ይዘውታል። ካሪሳ ያየ ዕለት አለቀሰ። ከዚያ የቆረጣቸውን ምሰሶዎች አውጥቶ እሳት ሰደደባቸው።»

«አይምጣ አለ?» ጠየቀ ምዋሪንጋ።

«አይምጣ አላለም። ይምጣም አላለም። ስለ አንተ ምንም አላለም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ጁምዋ የወንድሟን ክንድ ያዘች። «እዚህ ማን ያስወጣሃል? እስከ ዕድሜ ልክህ የአንተ ነው ብለዋል። አልጋህ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ካሂንዲ አለ።»

«ካሂንዲ ያንኮራፋል» አለ። ከዚያ ወደ ፁማ ዞረ። «የካድዞን መቃብር የሚያርም አለ?»

«ማን ያርማል። ሣር ውጦታል። ዝናቡ ከተደገመ ቦታውም አይለይ።»

ምዋሪንጋ ራሱን ነቀነቀ። የቅሉን ሁለት ግማሽ አንዱን በሌላው ውስጥ ደርቦ ከአግዳሚው ሥር አስቀመጠ። ፁማ ለመንደሩ የሚልከው ቃል እንዳለ ጠየቀው። ምዋሪንጋ የለም አለ። ሽማግሌው ተነሥቶ እንደ አመጣጡ በእግሩ ሄደ።

የቴሌቪዥኗ ልጅ ጁምዋን ጠራቻት፤ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጥቂት ጥያቄ አላት። ጁምዋ ወንድሟን «አሁን እመጣለሁ፣ እንነጋገራለን» ብላው ሄደች። ካሹው ሥር ወንበር ሰጧት፣ የአንገት ልብሷን አስተካከሉላት፣ ሽልማቱን ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«እርስዎ ለአረጋውያን የሚያስተላልፉት መልእክት ምንድን ነው?» አለቻት ልጅቱ።

ጁምዋ ስትጀምር ድምፅዋ ክፍል ፊት የቆመች ያህል ጠንካራ ነበር፤ ሰው ካልተናገረ ሌላው ስለ እሱ ይናገርለታል አለች። ቃሉን ስለወደዱት እንደገና እንድትለው ለመኗት፤ ዶሮ ጮኻ ነበርና። ደገመችው።

ምዋሪንጋ ክፍሉ ገብቶ የተበደረውን ኮት አጣጥፎ ለካሂንዲ አልጋው ላይ ተወለት። የሥራ ሸሚዙን ለበሰ። የአትክልቱ መኮትኮቻ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ አነሣውና ትከሻው ላይ አደረገ። የቴሌቪዥኑ መኪና ዕቃ ጭኖ ሊወጣ ሲል ዘበኛው በሩን በሰፊው ከፈተ። ምዋሪንጋ በመኪናው ጎን ጎን ወጥቶ ፁማ የሄደበትን መንገድ ያዘ። ዘበኛው ለሹፌሩ እጁን አነሣለት። ካሂንዲ ሳህኑን ይዞ ወደ ድስቱ ተመልሶ የምታወጣላቸውን ሴት ሥጋውን ሸሽጋ እንደሆነ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ጥርስ ለሌለው ሥጋ ማባከን ኃጢአት ነው ትለዋለች።