የመሰላሉ ዕጩና የላይ አምባ ማኅበርተኞች

መምህር ምሳው ባለፈው ምርጫ የተሸነፈው በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ማለት ከሰቆጣ መናኸሪያ በሚነሳ ሚኒባስ ረዳቱ ገና «አንድ ሰው ቀረኝ፣ አንድ ሰው!» እያለ የሚጣራበት ቁጥር ነው። ምሳው ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ውስጡ ያለውን ሰው ሳይቆጥር አያልፍም።

ዘንድሮ ለክልሉ ምክር ቤት እንደገና ሲወዳደር ሚስቱ አልጣሽ አስምላዋለች፤ ከተሸነፈ ባሕር ዳር ይገባሉ። ወንድሟ እዚያ የግል ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ የጂኦግራፊ መምህርም ይፈልጋል። ምሳው ባሕር ዳርን አይጠላም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የዋግን ተራራና ገደል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል የኖረ ሰው፣ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሐይቅ እያየ ምን እንደሚሠራ አይታየውም።

በዚያ አገር ፓርቲን በስሙ የሚጠራ የለም፤ በምርጫ ምልክቱ ነው። የምሳው ፓርቲ መሰላል ነው፤ የተቀናቃኙ የይርዳው ደግሞ ደወል። ደወል ዕድለኛ ምልክት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለ ምንም ወጪ ተሰቅሎ ይጠብቃል። መሰላልን ሰው የሚያስታውሰው ጣሪያው ሲያፈስ ነው።

የመሰላሉ የዞን ጸሐፊ እየሩስ ትባላለች። ሳትስቅ የምትቀልድ፣ ወይም ሳትቀልድ የምታስቅ ሴት ናት፤ የትኛው እንደሆነ እስካሁን ያጣራ የለም። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካርታውን ዘርግታ፣

«ከተማው እኩል ለእኩል ነው» አለች። «ቆላው የይርዳው፣ ደጋው የእኛ። የቀረው ላይ አምባ ነው።»

«ላይ አምባ የማን ነው?»

«የማርያም ነው። ሌላ ነገር አይናገሩም።»

ላይ አምባ ከሰቆጣ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ ሠላሳ አራት ቤት፣ ሰማንያ አንድ የመራጭ ካርድ። ይርዳው ወጥቶ መንገድ ቃል ገባላቸው፤ «እግዜር ይስጥልን» አሉት። ምሳው ወጥቶ መንገድና ድልድይ ቃል ገባላቸው፤ «እግዜር ይስጥልን» አሉት። ድልድዩ አንዲት ቃል አልጨመረለትም። ማንን ትመርጣላችሁ ሲባሉ ሁሉም «እንግዲህ ማርያም ታውቃለች» ይላሉ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ይነጋገሩና ይስቃሉ። ምሳው ኽምጣንጋ አይሰማም፤ አብሮ ግን ይስቃል። ዕጩ ነዋ።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ የፓርቲው አሠልጣኝ መጥቶ ለሁለት ቀን «ያልወሰነ መራጭ አያያዝ» የሚል ሥልጠና ሰጠ። መብራት ስለሌለ በፕሮጀክተር ሊያሳያቸው የነበሩትን ሥዕሎች በእጁ አየር ላይ እየሣለ አስረዳ። ፍሬ ነገሩ፣ ያልወሰነን መራጭ በንግግር አታሳድዱት፣ ማኅበራዊ ሕይወቱ ውስጥ ግቡ የሚል ነበር። ምሳው ይህቺን በማስታወሻው ጻፋትና ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

የላይ አምባ ማኅበራዊ ሕይወት ደግሞ አንድ ነው፤ በየወሩ በሃያ አንድ የሚጠጣው የማርያም ማኅበር። ሠላሳ አራቱም ቤት በተራ ይደግሳል። ባለ ተራው ጠላውንና ዳቦውን ያቀርባል፤ ማኅበርተኛው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸልያል። በመጨረሻ የማርያም ጽዋ፣ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ፣ ከወሩ ባለ ተራ ወደሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ይተላለፋል። «እቀበላለሁ» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለውም። ምሳውና እየሩስም በሃያ አንድ ወጡ። እንግዶች ናቸውና ከመምሬው አጠገብ ተቀመጡ።

ነገሩ በደንብ እየሄደ ነበር። ምሳው ስለ ምርጫ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጠላውን ጠጣ፣ ዳቦውን በላ፤ ዳቦው ከብዙ ስብሰባ በኋላ በእውነት የቀመሰው የመጀመሪያ ነገር ሆነበት። ጸሎቱ አለቀና የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበርተኛው አጠራር ሙሴው፣ አያ ገብረ አምላክ ጽዋውን ከፍ አደረጉት።

«ባለ ተራ?»

ዝም።

«ባለ ተራ! የሚቀጥለው ወር ባለ ተራ!»

ሰው ሁሉ ወደ አንዲት አሮጊት ዘወር አለ። እማማ ወለተ ሰንበት ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ። አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሁለት እጃቸው መሬቱን ተመርኩዟል። ምሳው አያቸው። ወዲያውኑ ሁሉ ነገር ገባው፤ አጥተዋል፣ አፍረዋል፣ ሠላሳ አራት ቤት እያየ አንገታቸውን ደፉ። ልቡ ተነካ። ልቡ ደግሞ የተነካው ሰማንያ አንድ ካርድ ባለበት ቤት ውስጥ ነው። ዘሎ ተነሳ።

«እኔ እቀበላለሁ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ምሳው ጸጥታውን ለአድናቆት ወሰደው። አያ ገብረ አምላክ ወደ መምሬው አዩ፤ መምሬው ወደ ጣሪያው አዩ፤ ማኅበርተኛው በኽምጣንጋ ረዘም ያለ ነገር ተነጋገረ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አያ ገብረ አምላክ ጽዋውን ባለ ተራው ቤት ውስጥ መልሰው አስቀመጡትና፣

«ሰምተናል» አሉ። «እንነጋገርበታለን።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ምሳው ያፏጭ ነበር።

«ገባሁ፣ አይደል? ማኅበራዊ ሕይወታቸው ውስጥ ገባሁ።»

እየሩስ በጣቷ እየቆጠረች ነበር። «የሚቀጥለው ሃያ አንድ መቼ ነው?»

«ያው የዛሬ ወር።»

«ምርጫውስ?»

«ሃያ አራት።»

ፉጨቱ ቆመ። ከምርጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ለመራጭ ድግስ መደገስ ደግሞ በማንኛውም ቀን ክልክል ነው።

«ስለዚህ» አለች እየሩስ መንገዱ ላይ ድንጋይ እየመረጠች ስትረግጥ፣ «ሰማንያ አንድ መራጭ ልታበላና ልታጠጣ፣ በጥሞና ጊዜ፣ በማርያም ፊት ቃል ገብተሃል። ብትደግስ ከምርጫው ትሰረዛለህ። ባትደግስ ማርያምን ዋሽተሃል። ሥልጠናው ላይ ይሄን አልነገሩንም።»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰቆጣ ገብቶ ጠበቃቸው። ይርዳው በማግሥቱ ምሳውን ገበያ መሐል አግኝቶ ሁለት ትከሻውን እየሳመ፣

«እንኳን ማርያም ረዳችህ፣ መምህር!» አለው። «ድግሱ ላይ እኛንም ጥሩን እንጂ። እኔ ባልመጣ እንኳ ካሜራ እልካለሁ።»

ምሳው ሦስት ቀን አልበላም። አልጣሽ ምንም አልተናገረችም፤ ባሕር ዳር ለሚኖረው ወንድሟ ስትደውል ግን የቤት ኪራይ ዋጋ ስትጠይቅ ሰማት። በአራተኛው ቀን ብቻውን ላይ አምባ ወጣና ቀጥታ እማማ ወለተ ሰንበት ደጃፍ ቆመ። አሮጊቷ ጌሾ እየወቀጡ ነበር። ቀና አላሉም።

«ቤቶች! እንደምን አሉ፣ እማማ?»

«አለሁልህ። አልሞትሁም። አንተ ቀብረኸኝ ነበር እንጂ።»

«ኧረ እማማ! ምን አጠፋሁ?»

ዘነዘናውን አቆሙ። «ተራዬን ነጠቅኸኝ! ሠላሳ ሦስት ወር የጠበቅሁትን ተራ! እህሉ ተለቅሞ፣ ብቅሉ በቅሎ፣ ልጄ ከሪያድ ልካልኝ! አገር በሞላ ‹የከተማው መምህር ለወለተ ሰንበት አዘነላት› እያለ ይኸው አራት ቀን!»

«እኔ እኮ... ሙሴው ሲጠሩ ዝም ስላሉ... አንገትዎንም ስለ ደፉ...»

«ልነሳ ነዋ!»

«እ?»

«ልነሳ! ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እንዳንተ እንደ ፌንጣ አልነሳም። መጀመሪያ እጄን መሬት አደርጋለሁ፣ ከዚያ አንዱን ጉልበቴን አነሳለሁ፣ ከዚያ ማርያምን እጠራለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንተ ‹እቀበላለሁ› አልህ!»

ምሳው ሃያ ዓመት ሲያስተምር ተማሪ መልስ እስኪያስብ መታገስ ደግ ነው እያለ ነው። ይህ ትዝ ሲለው መሬት ብትከፈት ቁልቁል በገባ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ድንጋይ ልሸከም። ተራዎን ይውሰዱልኝ።»

«እኔ ይቅር ብልህ ማኅበሩ አለ። ና፣ ያን ሽማግሌ ጥራው።»

አያ ገብረ አምላክ ሩቅ አልነበሩም፤ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያዳምጡ ነበር። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መክረንበታል» አሉ። «የሷ ተራ የሷ ነው፤ አይነጠቅም። አንተም ‹እቀበላለሁ› ያልኸው አይመለስም፤ በማርያም ፊት ነው። ስለዚህ ማኅበርተኛ ሆነሃል። ተራህ መጨረሻ ነው፤ ሠላሳ አምስተኛ።»

ምሳው ትንፋሹ ተመለሰ። ሠላሳ አምስተኛ ማለት ከምርጫው በኋላ፣ እጅግ በጣም በኋላ ነው።

«ተራ ስለ ዘለልህ ደግሞ መቀጫ አለብህ» ቀጠሉ አያ ገብረ አምላክ። «የሷ ዕለት ውኃ ትቀዳለህ፣ እንጨት ትፈልጣለህ፣ ታሳልፋለህ።»

እየሩስ ማታውን የምርጫ ሥነ ምግባር መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። በሰው ድግስ ላይ ውኃ መቅዳት አልተከለከለም። «አፍህን ብቻ ዝጋ» አለችው። «ስለ ምርጫ ‹እ› ካልህ እንኳ አለቀልን።»

በሃያ አንድ፣ በእማማ ተራ ዕለት፣ ምሳው ከምንጩ ስድስት ጀሪካን ውኃ በትከሻው አወጣ፤ እንጨቱን ፈለጠ፣ ወይም እንጨቱ እሱን ፈለጠው። ከዚያ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ጠላ ይቀዳ ጀመር። ማኅበርተኛው ይህን ቀን ለአንድ ወር ሲጠብቅ ኖሯል።

«መምህር፣ መንገዱ ከየት በኩል ነው የሚመጣው አልኸን?»

ምሳው ቀዳ።

«ድልድዩስ? የብረት ነው የድንጋይ?»

ምሳው ቀዳ።

«ኧረ ይርዳው ‹ምሳው ሌባ ነው› ብሏል! ይሄንንም ዝም?»

ጠላው ከዋንጫው ውጪ ጠብ አለ። ግን ቀዳ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይርዳው የላከው ሰውም ማዕዘን ላይ ቆሞ ይቀርጽ ነበር፤ እማማ ወለተ ሰንበት ወደ ቤታቸው የገባ ሰው ጾሙን ይቁም ብለው ሊፈቅዱ አልቻሉምና፣ ጥቂት ቆይቶ ስልኩ በግራ እጁ፣ ዋንጫው በቀኝ እጁ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ስልኩ ኪሱ ገባ።

ወደ ማምሻው ቀልዱ ሲያልቅባቸው የራሳቸውን ወሬ ያወሩ ጀመር፤ ስለ ተሰነጠቀው የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ አበርገሌ ገበያ ላይ ስለ ወደቀው የፍየል ዋጋ፣ ስልክ ካቋረጠች አምስት ወር ስለሆናት የአንዱ ልጅ። ምሳው አጠገባቸው ቆሞ ማሰሮ እንደያዘ ሰማ። ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም። በመጨረሻም አያ ገብረ አምላክ ጽዋውን ይዘው የሚቀጥለውን ባለ ተራ ሲጠሩ፣ ቤቱ ሁሉ ወደ ምሳው ዞሮ አየ። ምሳው ማሰሮውን አቅፎ እንደ ሐውልት ቆመ።

ምርጫው ተካሄደ፤ በማግሥቱ ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ላይ አምባ፦ መሰላል ሰባ፣ ደወል አሥራ አንድ። የወረዳው ሁሉ ሲደመር ምሳው በሃያ ስድስት ድምፅ አሸነፈ። አልጣሽ ወንድሟ ጋ ደውላ የኪራዩን ቤት ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገረችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ያለ መሰለው።

በሳምንቱ ምሳውና እየሩስ ለማመስገን ላይ አምባ ወጡ። ምሳው ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። ሕዝቡ በቆዳና በእንጨት ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። የመሰላሉ የትምህርት ፖሊሲ፣ የመሰላሉ የገጠር መንገድ ዕቅድ፣ የመሰላሉ ራእይ እንዴት የሕዝቡን ልብ እንደ ገዛ ተናገረ። ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልን» አሉት፤ በኽምጣንጋም ተነጋግረው ሳቁ።

«አያ ገብረ አምላክ» አለ ምሳው ቁጭ ብሎ፣ «እስቲ በማርያም፣ ለምን መረጣችሁኝ?»

«ተራ አለብህ።»

«ተራ?»

«ሠላሳ አምስተኛ። ሚስትህ ባሕር ዳር ቤት ስታፈላልግ ከርማለች፤ ሰምተናል። ብትሸነፍ ትሄድ ነበር። ሄደህ የማርያምን ጽዋ ማን ይደግስ? ተመራጭ ግን አገሩን ጥሎ አይሄድም። ማኅበሩ መከረና መረጠህ።»

ምሳው የንግግሩን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ እማማ ወለተ ሰንበት ዞረ፤ ቢያንስ ከሳቸው አንድ ደግ ቃል ፈልጎ።

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«እኔ ለደወሉ ነው የሰጠሁት» አሉ። «አሳላፊነትህ ጥሩ ነው። ያንተን ያህል የሚያሳልፍ ሰው ምክር ቤት ገብቶ ይባክናል ብዬ።»

እየሩስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ምሳው በልቡ ወራቱን ቆጠረ፤ ተራው የሚደርሰው ከሚቀጥለው ምርጫ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር።

«እሺ፣ ተራዬን ደገስሁ እንበል» አለ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነፃ ነህ» አሉ አያ ገብረ አምላክ ዋንጫቸውን እያነሱ። «እኛም ነፃ ነን።»