የስንቄ አባት

በቢቸና ዙሪያ እማማ ይርጋነሽን ሳይጠይቅ ልጁን የዳረ ሰው የለም። ሙሽራና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት ይዛመዱ እንደሆነ የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። በሠላሳ ዓመታቸው ጠያቂው አረፍ ሳይል "ዘመድ ናቸው፣ ይቅር!" ብለው ይቆርጡት ነበር። ስንቱ እጮኛ በዚያ አፍ ተለያየ! ተሳስቼ ይሆን ብለው አንድ ቀን ተጨንቀው አያውቁም። ጉልበት ነበራ!

ዛሬ ሰማንያ ሁለት ሞልቷቸዋል። ዛሬ የሚቆጠረው ደግሞ የገዛ የልጅ ልጃቸው የወይንእሸት ዘር ነው። የእጮኛዋ አባት ከፋለ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ከሞጣ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ቆጠራው ከጠራ ሰርጉ በጥር ነው፤ ዝምድና ከተገኘ ግን ወይንእሸት ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ልጅ ትተወዋለች።

"እንግዲህ ይቁጠሩልን፣ እማማ" አለ ከፋለ።

የወይንእሸትን ወገን እስከ ጥንት አያቷ እስከ ሣህለ ማርያም ድረስ ያለ እንከን ቆጠሩት። የከፋለን ወገን ያዙ፤ አንድ ቤት፣ ሁለት፣ ሦስት። "አራተኛዋ ስንቄ ናት፤ የደብረ ወርቋ። ስንቄ የ..."

የአባቷ ስም ጠፋባቸው።

ስንቄንማ አይተዋታል! የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ አሮጊቷ ስንቄ የተቆላ ባቄላ በእፍኛቸው ሞልታላቸዋለች። ሞራ የጋረደው ግራ ዓይኗ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። አባቷ ግን ማን ነበር? የሣህለ ማርያም ልጅ ከሆነች ልጆቹ ዘመድ ናቸው፣ አበቃ። የሌላ ዘር ሰው የሀብተ ሥላሴ ከሆነች ባዳ ናቸው፣ እልል ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ወይንእሸት ውሃ የምታቀርብ መስላ ጎንበስ አለችና በጆሯቸው ሹክ አለች፤ "የሀብተ ሥላሴ በዪ፣ እምዬ። እሁድ እኮ እንደዚያ ብለሽኛል።"

ብለዋት ይሆን? እሁድን ጨርሶ አያስታውሱትም። ጉድ እኮ ነው፣ ስሙን እንደሰሙ ስንቄ ከሀብተ ሥላሴ ጎን ቆማ ታየቻቸው። "ይኸው መጣልኝ!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወዲያው ፈሩ። የመጣው ትዝታ ነው ወይስ የልጅቷ ምኞት? እስቲ ብለው ስንቄን በልባቸው ከሣህለ ማርያም ጎን አቆሟት። እዚያም ቆመች፤ እንደዚያው ጥርት ብላ።

"ጠፍቶብኛል" አሉ።

"ኧረ እማማ! እስቲ በግምት እንኳ..."

"በግምት ሰው አይዳርም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ደብረ ወርቅ ሂዱና የስንቄን ወገን ጠይቁ።"

"እዚያም የሚያውቅ ከጠፋ ነገሩ ቀረ ማለት ነው" አለ ከፋለ፤ ፊቱ ጠቁሮ ሽማግሌዎቹን ይዞ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ወይንእሸት ፈነዳች። "ብትዪው ምን ነበረበት? ማን ያውቅብሽ ነበር? ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም እኮ!"

"እሱ ነው ያስፈራኝ፣ የኔ ልጅ" አሉ። "እያወቅኩ ብዋሽ ለነፍስ አባቴ እናዘዘዋለሁ። ሳላውቅ የምለው ይኸኛው ግን አድሮ እውነት ይሆንብኝ ነበር። ዘመድሽን አግብተሽም እንኳ እየመረቅኩሽ እሞት ነበር።" እጇን ያዙ። "አሁን ንገሪኝ፤ እሁድ እውነት ብዬሽ ነበር?"

ወይንእሸት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አላልሽኝም" አለች።