ሦስተኛው መምህር

«ለቀብሩ መድረስ ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ተናኘ» አለ ሂርጳ ድንኳኑ በር ላይ እንደቆመ። ከቦረና ሁለት ቀን ሙሉ በጭነት መኪና ተጉዞ ነው የመጣው።

ተናኘ ቀና ብላ አየችው። ባሏ መዝገቡ በማስተርስ ካስተማራቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ያኔ እሁድ እሁድ እዚሁ መካኒሳ ቤታቸው እየመጣ ከመምህሩ ጋር የድንጋይ ናሙና ሲያገላብጥ ይውል ነበር።

«እንኳን መጣህ። ተቀመጥ፣ እህል ቅመስ» አለችው።

ዕለቱ ሠልስት ነው። የእድር ሴቶች ንፍሮ ያዞራሉ። ጎረቤቷ ገበያነሽ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጎንበስ አለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ እንዴት ዶክተር ሳይባል ቀረ?» ስትል አንሾካሾከች።

ተናኘ ሰማች። ይህን ጥያቄ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትሸሸው ኖራለች።

መዝገቡ የጂኦሎጂ መምህር ነበር። በ1970 ዓ.ም. የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት በማስተርስ ደረጃ እዚሁ አገር እንዲከፈት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እቅድ ማዘጋጀት ጀመረ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ይዘረጋል፤ የቱ ኮርስ ከየቱ እንደሚቀድም፣ የመስክ ሥራው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ መልሶ ይጽፋል። ወጡ ይቀዘቅዛል። «ልጆቹን ውጭ እንልካቸዋለን፤ ግማሾቹ እዚያው ይቀራሉ። የሚመለሱትም የሰው አገር ድንጋይ አጥንተው ነው የሚመጡት» ይላት ነበር።

በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ለዶክትሬት ውጭ የመማር ዕድል አገኘ። ተናኘ ደስታዋን አልቻለችውም፤ መርካቶ ወርዳ ትልቅ ቡኒ ሻንጣ ገዛችለት። ወንድሟ አስረስ ግን ያኔ እስር ቤት ነበር፤ ከአገር ለመውጣት ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ሁሉ ይጠየቃል። አንድ ማክሰኞ መዝገቡ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «የውጭው ነገር ቀርቷል» አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። መልሱን የምታውቀው መሰላት። ታናናሽ ባልደረቦቹ ዶክተር እየተባሉ ሲመለሱ እሱ አቶ መዝገቡ እንደሆነ ቀረ፤ እሷም ባየችው ቁጥር አንገቷን ደፋች።

አሁን ግን መደበቁ ሰለቻት።

«በእኔ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ወንድሜ ታስሮ ስለነበር አናሳልፍህም ብለውት ነው።»

ሂርጳ የዘገነውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ማን ነው እንደሱ ያለዎት?»

«ማን ይነግረኛል? አውቀዋለሁ እንጂ።»

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም። ከተመረቅሁ በኋላ ረዳት ሆኜ ስሠራ ፋይል አስተካክል ተብዬ ደብዳቤያቸውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የመውጫ ፈቃዳቸው ወጥቶ ነበር። ትምህርቱ እንዲከፈት ግን ቢያንስ ሦስት መምህር ያስፈልግ ነበር። እሳቸው ከሄዱ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ‹የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እስኪመረቁ ልቆይ› ብለው ጻፉ። ዕድሉ አልጠበቃቸውም።»

«ለምን አልነገረኝም?»

ሂርጳ አመነታ። «አንድ ቀን፣ ‹አይቆጭዎትም?› ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‹አንዳንዴ ይቆጨኛል› አሉኝ። ‹ግን እቤት እንዳታወራ፤ ሻንጣ ገዝታልኝ ነበር፤ ተናኘ አትለቀኝም።›»

ተናኘ ሳታስበው ሳቀች፤ በባሏ ሠልስት፣ በሰው ፊት። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «አንተ ሰውዬ!» አለች በቀስታ። «ስምንት ዓመት! ብትቆጣኝ ምን አለበት ብዬ ስጠብቅህ፣ አንተ እኔን ፈርተህ?»

ገበያነሽ ልትይዛት ተነሣች፤ እሷ ግን በእጇ መለሰቻት። ደረቷ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ቀልሎላት ነበር።

«ስንት ተመረቃችሁ?» አለችው ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ።

«እስካሁን አሥራ ዘጠኝ። ሁላችንም እዚሁ አገር ነን። እኔ ያቤሎ አካባቢ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ባለፈው ወር መቶ አርባ ሜትር ላይ ውሃ አገኘን፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ጥለው እልል አሉ። ለጋሽ መዝገቡ ጽፌላቸው ነበር፤ ይድረሳቸው አይድረሳቸው እንጃ።»

«ደርሶታል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ‹ድገሚልኝ› አለኝ፤ ደገምኩለት። ሜትሩን በጣቱ አንሶላው ላይ ጻፈው።» «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ደስ ብሎት ነው የሄደ» አለች።

ሂርጳ ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ መሀል ሌላ ለቀስተኛ እየጮኸ ገባ። ሂርጳ ቦታ ሊለቅ ተነሣ። ተናኘ እጅጌውን ይዛ አስቀረችው። የሟች ቤተሰብ ከተቀመጠበት ፍራሽ ላይ ጠጋ አለችና ጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«እዚህ ተቀመጥ» አለችው።