ባዶው የበቀለበት ሳህን

ሠላሳ አንድ ዓመት የላቦራቶሪ ዕቃ ሳጥብ አንድም ቀን እጄ ተጠርጥሮ አያውቅም። ባለፈው ሰኞ ግን እኔ በሌለሁበት ስብሰባ «ፍላስኩ በደንብ ስላልታጠበ ነው» ተብሎ ተፈረደብኝ። ጠርተው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ማን ይጠይቃል! አሮጊት ዕቃ አጣቢ ከቧንቧው እኩል ናት፤ ውሃ ካልተቋረጠ በቀር ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

ነገሩን ላስረዳ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከጠርሙስ ላይ ነው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። እዚህ የሚጠኑት ቆዳችን ላይ የሚኖሩ፣ እንደ ወይን ዘለላ የሚከማቹ፣ ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ከዋናው የዘር ክራቸው ሌላ ፕላዝሚድ የሚሉት ትንሽ ቀለበት ይይዛሉ። መድኃኒት እንዳይገድላቸው የሚያደርገው ነገር የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ቀለበቱ ከሁለት ክር የተገመደ ነው። ሊባዛ ሲል አንድ ፕሮቲን ይመጣና አንዱን ክር በጥሶ ጫፉ ላይ ይጣበቃል። ክሩ እየተላቀቀ ሲወጣ በቦታው አዲስ ክር እየተሠራ ቀለበቱን ይዞራል። የወጣውም ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ ቀለበት ይሆናል፤ ለሱም ጓደኛ ክር ይሠራለታል። አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። በጣሹ ፕሮቲን ታዲያ አንድ ዙር ከሠራ አበቃ፣ ጡረታ ይወጣል። ይህን የሰማሁ ቀን «ከኔ የተሻለ መሥሪያ ቤት ገብቷል» ብዬ ስቄያለሁ።

ተመራማሪዋ ልጅ፣ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ የምትሠራው በጣሽ ፕሮቲኑ ሙቀት በማይችል ቀለበት ነበር። ባክቴሪያዎቹን ፍላስክ ውስጥ ሞቅ አድርጋ ስታሳድግ ቀለበቱ መባዛቱን ያቆማል፤ እነሱ ግን መከፈላቸውን አይተዉም። ልጅ በልጅ ሲተካ አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ያለበት ሳህን ላይ ስትዘራቸው ማለቅ ነበረባቸው። አላለቁም። ሳህኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሦስት ጊዜ ሠራች፤ ሦስቴም ያው። ያኔ ነው እኔ የተገኘሁት፤ ፍላስኩ ውስጥ ቀለበት ያላቸው አሮጌዎች ቀርተው ነው ተባለ።

ማክሰኞ የላቦራቶሪው ኃላፊ ልጅቷን አስከትሎ ማጠቢያ ክፍሌ መጣ። ተማሪ ሳለ ጀምሮ ነው የማውቀው፤ የመጀመሪያ ፍላስኩን ሲሰብር ስብርባሪውን የሸሸግኩለት እኔ ነኝ።

«እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ። ለአስተዳደር ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከዓርብ ጀምሮ ኮሪደር ላይ ጽዳት ቢሠሩ ለእርስዎም ቀለል ይላል።»

«ለኔ ነው ለናንተ?»

«ዕድሜም አለ እኮ፣ እማማ...»

«ዕድሜዬን የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አትነግረኝም። ዕቃውን ከማጠቤ በፊት በእንፋሎት እቀቅለዋለሁ። ከዚያ የተረፈ ባክቴሪያ ካለ ሽልማት ይገባዋል። ይልቅ ባዶውስ?»

«የቱ ባዶ?»

«ቀለበት ኖሮት የማያውቀው ነዋ! የድሮው አለቃህ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያስዘራችሁ የለም? የሷ ሳህን እሱን ይገድለዋል? እሱ ካልሞተ የሞተው መድኃኒቱ ነው።»

ኃላፊው ወደ ልጅቷ ዞረ። ልጅቷ ወደ ጥፍሯ።

«ሳህን ልቆጥብ ብዬ... እሱን አልዘራሁትም» አለች።

«ቆጠብሽ!» አልኳት። «አሁን ዝሪው። አንዱን ባንቺ ሳህን፣ አንዱን ከጎረቤት ክፍል ያንኑ መድኃኒት ይዘው በፎይል ከተጠቀለሉት። ያሞቅሻቸውንም እንደዚያው ሁለቱም ላይ።»

«ፎይሉ ምን አገባው?» አለ ኃላፊው።

«ቴትራሳይክሊን ብርሃን ያበላሸዋል። የሷ ሳህኖች ይደርቁ ተብሎ አራት ቀን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ከርመዋል። ፎይላቸውን ምሳዋን ጠቅልላበታለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?» አለች ልጅቷ።

«አልጠየቅሽኝማ።» ይህ የኔ ጥፋት ነው። ኩራቴ ነው ያፈነኝ፤ አልክድም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስታችንም ሳህኖቹ ላይ አቀረቀርን። መስኮት ላይ የከረመው ላይ ባዶው እንደ ልቡ በቅሏል። ፎይል ውስጥ በነበረው ላይ አንድም የለም፣ እኔ እንዳጠብኩት ብርጭቆ ጥርት ብሏል። ካሞቀቻቸውም እዚያ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

«ቀለበቱ ጠፍቶ ነበር!» ብላ ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ሥራዬ ትክክል ነበር!»

«የኔም» አልኳት።

ኃላፊው ሳህኖቹን ከደነ። «እንግዲህ እማማ፣ የትም አይሄዱም። ደብዳቤውን እንደሌለ ይቁጠሩት፤ በዚሁ እንተወው።»

«አንተወውም። ያ ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ነገ ሌላ ኃላፊ ይመጣል፣ የሚያገኘው እሱን ነው። በል ተቀመጥና ሌላ ጻፍ፦ ሳህኑ ብርሃን ላይ መክረሙን፣ ባዶው አለመዘራቱን፣ ዕቃዬ ንጹሕ እንደነበር። አንተም ፈርም፣ እሷም ትፈርም። ደግሞ ፊደልህን አታያይዘው፤ እዚሁ ቆሜ ነው የማነበው።»