ሳማ የበሉ ዶሮዎች

ዶሮ ነጋዴው ሀፊዝ ሁለተኛዋን ዶሮ ክንፏን ይዞ እግሯን ሲያስር ፋኢዛ ከጓዳ ብቅ አለች።

“ኧረ መጀመሪያ ቁርስ ቅመስ! ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተህ በባዶ ሆድህ ልትመለስ ነው?”

“ይሁን እትዬ፣ ቶሎ ካሉልኝ።”

ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ፋኢዛ ቤቷን የምታስተዳድረው በእንቁላል ሽያጭ ነበር። መኖ ሲወደድባት ፉርሽካ ብቻ ብትሰጣቸው ዶሮዎቹ ከሱ፤ መጣልም ተዉ። ሁሉንም ለሀፊዝ ልትሸጥለት ቃል የገባችው ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቷ ፀሐይነሽ ግን አልተዋጠላትም። “ሥጋችን በቢላ ይለያያል፤ የምንቋደሰው እንቁላል ነው። እሱንም ልታስቀሪብኝ? ኩታበር ሳለን እናቴ ለዶሮዎቿ ሳማ ትሰጣቸው ነበር፣ እስቲ ሞክሪ።”

ፋኢዛ እርጥቡን አጭዳ በተነችላቸው። ዶሮዎቹ ሸሹ፤ እሷም እጇ እስኪያብጥ ተለበለበች። ፀሐይነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “አንቺ ሴት! በጥላ አድርቀሽ፣ አሽተሽ፣ ከፉርሽካው ጋር ቀላቅይው እንጂ!”

እንዳለቻት አደረገች። ሰሞኑን ዶሮዎቹ መጣል ጀምረው ነበር፤ እሷ ግን ቃሏን ማጠፍ ከብዷት ለሀፊዝ አልነገረችውም።

አሁን ከአዲሶቹ እንቁላሎች የመጀመሪያውን መጥበሻው ላይ ሰበረች። አስኳሉ ልትጠልቅ የተቃረበች ጀንበር መስሎ ጉብ አለ።

“ሱብሃነላህ!”

ሀፊዝ መጥቶ አየና ሳቀ። “እትዬ፣ እርድ ጨምረውበት ነው አይደል? ዋጋ ሊያስጨምሩኝ!”

“ወላሂ አልነካሁትም! እንካ፣ ራስህ ስበር።”

ሰበረ። ሳቁ ጠፋ። “ምን አብልተዋቸው ነው?”

“ሳማ።”

“ይሄ የሚለበልበውን?”

“እሱኑ።”

ዕድሜዋን ሙሉ እየረገመች ከሥሩ የነቀለችው አረም ነው። አላህ ሲሳይዋን አጥሯ ሥር አብቅሎላት፣ እሷ በማቃጠሉ ብቻ ታውቀው ኖሯል። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ልጄ፣ ቃሌን አጥፌ አላውቅም” አለችው። “ዛሬ ግን ዐፉ በለኝ። ዶሮዎቼን አልሸጥም።”

“ኧረ እትዬ! ባዶ ቅርጫት ይዤ ልመለስ?”

“ድካምህን እክሳለሁ። እንቁላሉ ሲበረክት መጀመሪያ የምጠራው አንተን ነው።”

ሀፊዝ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ያሰራቸውን ፈታ። “ዐፉ ብያለሁ። እንቁላሉን ግን ሳልበላ ንቅንቅ አልልም!”

እሱን ከሸኘች በኋላ ፋኢዛ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ማጭድ ይዛ ወደ አጥሩ ወረደች። ለጋ ለጋውን አጨደች። ዘር የቋጠረው አገዳ ዘንድ ስትደርስ ግን ማጭዷን መለሰች። እንዲረግፍ ተወችው።